ቀዩ አህያ በልደታ ድንኳን

ሳይማር የተመረቀ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። ልደታ ውስጥ ለብዙ ዓመት ፈረንሳይኛ ዐዋቂ ተብዬ ኖሬአለሁ። ምስክር ወረቀት የለኝም፤ ለነገሩ የጠየቀኝም የለም። ማዕረጉ የመጣልኝ በአባቴ በኩል ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን በሙሉ ፈረንሳዮች የሠሩትን የጅቡቲ ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። የባቡር ሰው ፈረንሳይኛ ያውቃል፣ የባቡር ሰው ልጅ ደግሞ ከአባቱ አያንስም፤ የሰፈራችን ስሌት ይኸው ነበር። ትርፍ ቤት በአዋጅ በተወረሰበት ዘመን እኔ ከአባቴ የወረስኩት የማላውቀውን ቋንቋ ብቻ ሆነ።

ጨርሶ አላውቅም ማለቴ ግን አይደለም። ሰላምታው አይጠፋኝም። ስድቡንም አሳምሬ አውቃለሁ፤ አባቴ ሲቆጣን በፈረንሳይኛ ነበር የሚቆጣን። ያልተማርኩት በሰላምታና በስድብ መካከል ያለውን ነው። ጎረቤቶቼ የመድኃኒት ብልቃጥ እያመጡ "እስቲ አንብብልን" ሲሉኝ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ አገላብጬ አይና "ከምግብ በኋላ" እላቸዋለሁ። እስካሁን የሞተብኝ የለም። አንድ ጊዜ እውነቱን ልናገር ብዬ "ኧረ እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም" ብል፣ ትሕትናዬ እንደ አባቴ ነው ተብዬ ተመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ እውነት መናገሩን ተውኩት።

ነገር የተበላሸው ፓሪስ ሰው ቤት ልጅ የምታሳድገው እኅቴ ለልጄ ለሰናይት ስጦታ የላከች ጊዜ ነው። የሰው አክስት ጫማ ትልካለች፣ ቢበዛ አሻንጉሊት። የእኛዋ የላከችው የቪዲዮ ካሴት ነው፤ ያውም ማጫወቻ ቀርቶ ቴሌቪዥን ወደሌለበት ቤት። ይዞት የመጣው መንገደኛ እንደነገረን ካሴቱ ለልጆች የተሠራ ፊልም ነው፤ ሰው የማይሠራበት፣ ሥዕል ብቻ የሚንቀሳቀስበት፣ እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ተሥሎ ቀለም የተቀባ። የሽፋኑን ወረቀት ግን አውሮፕላን ላይ የራሱ ሕፃን ልጅ አኝኮ ጨርሶታል። የተረፈው አንድ ጥግ ነው። ጥጉ ላይ ቀይ፣ ጫፉ ሾል ያለ ነገር ይታያል፤ ከሥሩ ካሉት ፊደሎች መካከል አንዲቱን ቃል ወዲያው አወቅኋት። አባቴ እኔን የሚጠራባት ቃል ነበረች። አህያ ማለት ናት።

ሰናይት ሁለተኛ ክፍል ናት። ቀዩን ነገር አየች፣ አህያ መሆኑን ከእኔ ሰማች፣ ሁለቱን ደመረችና ቀይ አህያ አለች። እኔም ያ ሾል ያለው ነገር ጆሮው መሰለኝና አጸደቅሁላት። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ አባቷ ቀይ አህያ ያለበት ባለቀለም ፊልም እንዳለው፣ በግንቦት ልደታም ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ በአማርኛ እየተረጎመ እንደሚያሳይ ተናገረች። ይህን ሁሉ ቃል እኔ አልገባሁም። ልጄ ግን እንደ መንግሥት ናት፤ መጀመሪያ ታውጃለች፣ ከዚያ ለሚመለከተው ክፍል ታስተላልፋለች።

ክፍሉ ሳቀ። አብልጦ የሳቀው ደግሞ ብሩክ ነው። ብሩክ የቀበሌያችን ካድሬ የጓድ ታፈሰ ልጅ ነው። ዓለም ላይ ቀይ አህያ የለም፣ ቢኖር ኖሮ አባቴ ይነግረኝ ነበር አለ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ፤ ልጄም ቱሪናፋ የሚል ስም ወጣላት። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረች፤ ያ ፊልም ካልታየ፣ አህያውም ቀይ ካልሆነ፣ ዳግመኛ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ አስታወቀች። ከዚያ አጠገቤ መጥታ በቀስታ "አባዬ፣ ቀይ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ቀይ ነው" አልኳት።

እኔን ቱሪናፋ ቢሉኝ ግድ የለኝም፤ ይገባኛልም። እሷ ግን የሰማችውን ነው የተናገረችው። ያን ሌሊት ተገላብጬ አደርኩ።

በሰፈራችን ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ከድር። ጌጃ ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ደግ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ወደ ዴካቸው ሲመጣ ግን ደግነቱም ሳቁም ያበቃል። ዴኩን ከጅዳ እቅፋቸው ላይ አድርገው ነው ያመጡት። ዳንቴል ለብሶ፣ በዳንቴሉ ላይ ላስቲክ ደርቦ፣ ከባለቀለም ቴሌቪዥናቸው ሥር ይቀመጣል። ለልደታ በዓል አውሱኝ ስላቸው ጣራ ጣራውን አዩ። በመጨረሻ ለልጆች ስለሆነ እሺ አሉ። ነገር ግን አስቀድሞ መሞከር የሚባል ነገር የለም፤ ዴክ በተከፈተ ቁጥር ዕድሜው ያልቃል፤ የሚከፈተው በዕለቱ አንዴ ብቻ ነው፤ የሚነካውም እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚህ ተስማማን። እንግዲህ ካሴቱ ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም።

ቀጥሎ ቀበሌ ሄድኩ። ብዙ ሰው ለሚሰበሰብበት ነገር ጓድ ታፈሰ ማወቅ አለባቸው። ፊልሙ የመጣው ከኢምፔሪያሊስት አገር መሆኑን ሲሰሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ይዘቱ ምንድን ነው አሉኝ። የአንድ አህያ ሕይወት ነው አልኳቸው። የማን አህያ? ባለቤት አይታይበትም አልኩ፣ እኔ መቼ አይቼው። ባለቤት አለመኖሩ ትንሽ አስደሰታቸው። ቀይ መሆኑን ስጨምርላቸው ደግሞ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ራሳቸው ተገኝተው የሚከታተሉ ከሆነ፣ ትርጉሙም መስመሩን ያልሳተ ከሆነ ተፈቅዷል ተባልኩ።

ግንቦት አንድ ቀን ደረሰ። እንደምታውቁት የልደታ ሰው ልደታን የሚያከብረው ደጅ ነው። ጎረቤት ያለውን አዋጥቶ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ከበር ወጥቶ አብሮ ይቀምሳል። ቴሌቪዥኑንም አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ጋሽ ከድር ዴካቸውን አቅፈው ከጎኑ ቆሙ። ሽቦው ከእኔ ቤት መስኮት ተጎትቶ ወጣ። ሁሉም ነገር ካማረ በኋላ ቴሌቪዥኑ ሲበራ የሚታየው የራሳችን ፊት ብቻ ሆነ። የግንቦት ፀሐይ መስታወቱ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች።

የሰፈራችን የልደታ ማኅበር እናት እትዬ የሺ ናቸው። ልደታ ላይ የሚወለደውም የሚዳረውም የሚሞተውም እሳቸው ሳያዩት አያልፍም። የፀሐይዋን ነገር ሲያዩ አንድ ጊዜ አሰቡና የዕድሩ ድንኳን ይምጣ አሉ። ጎልማሶች ሮጡ፤ ድንኳኑ መጣ፤ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሮቹም ተደረደሩ። ውስጡ ጨለም አለና ቴሌቪዥኑ አማረበት። እትዬ የሺን አመሰገንናቸው። የዕድር ድንኳን ድንገት መንገድ ዳር ሲተከል አላፊ አግዳሚው ምን እንደሚያስብ ከመካከላችን አንድም ሰው አላሰበም።

መጀመሪያ የገቡት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው "እግዜር ያጥናችሁ" አሉና ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ቀጥሎ ከሰንጋ ተራ በኩል አንዲት ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሩቅ እያለቀሱ፣ "ማን ነው? ኧረ ማን ነው?" እያሉ መጥተው እትዬ የሺ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እትዬ የሺ ሰው አልቅሶ ሲያቅፋቸው ሳያለቅሱ መቅረት አይችሉም፤ አብረው አለቀሱ። ሟች እንደሌለ ለመናገር ብሞክርም ጊዜው አልፏል፤ ለቅሶተኞቹ እጅ ላይ ንፍሮ ደርሷል። ንፍሮ ደግሞ ለልደታም ይቀርባል ለለቅሶም ይቀርባል። የነበራቸው ጥርጣሬ ንፍሮውን ሲያዩ ለቀቃቸው።

ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ልጆች፣ ከመካከል የማኅበሩ ሴቶች፣ ከኋላ ለቅሶተኞች ተቀመጡ። ጓድ ታፈሰ ለብቻቸው ባለመደገፊያ ወንበር ተሰጣቸው። ሰናይት የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ረድፍ መሃል ተቀምጣለች፤ ብሩክ አጠገቧ ነው፤ እጁን አጣጥፏል። ጋሽ ከድር "ቢስሚላህ" ብለው ካሴቱን አጎረሱት።

ሙዚቃ መጣ። ሥዕል መጣ። አህያም መጣ፤ ዓይኑ ትልልቅ፣ እግሩ ቀጫጭን፣ በእጅ የተሣለ ያማረ አህያ። ቀለም ግን የለም። አህያው ነጭና ጥቁር፣ ሣሩ ነጭና ጥቁር፣ ሰማዩም እንደዚያው።

ጋሽ ከድር ደነገጡ። የቴሌቪዥኑን ቁልፍ ሁሉ አዞሩ፣ ጎኑን ጠፈጠፉ፣ ወላሂ ትናንት ዜናው ባለቀለም ነበር ብለው ማሉ። ብሩክ ወደ ሰናይት ዞረና ጮክ ብሎ ቀዩ የታለ አላት። የክፍል ጓደኞቿ ሳቁ። ሰናይት ዞራ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ዕንባ የለም፤ ዕንባ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ያለው እምነት ነው። አባቷ አሁን አንድ ነገር ያደርጋል ብላ እየጠበቀች ነው። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ አልምልም። እግሬ ተነሣ። ከሽማግሌው እጅ ከዘራውን ተቀብዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ። "ልጆች" አልኩ፣ "ዝም በሉ። ፊልሙ የፈረንሳይ ነው። ቀለሙም በፈረንሳይኛ ነው ያለው። እኔ ስተረጉመው ይታያችኋል።"

ጋሽ ከድር ከሁሉም በላይ እፎይ አሉ፤ ጥፋቱ ከዴኩ ወደ ቋንቋው ዞረላቸዋ። በከዘራው ጫፍ አህያውን ነካሁትና ቀይ ነው አልኩ፤ እንዲሁ ቀይ ሳይሆን በርበሬ ሲቀነጠስ የሚያወጣው ዓይነት ቀይ። ሣሩን ነካሁና አረንጓዴ አልኩ። አንዲት ጓጉንቸር ዘላ አህያው ጀርባ ላይ ስትወጣ ቢጫ ናት አልኩ። ለምን ቢጫ እንዳልኳት ዛሬም አላውቅም። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ዓይናቸውን አጠበቡ።

የቀለሙን ነገር እንዲህ ካሻገርኩት በኋላ ታሪኩ መጣ። አህያው ራሱ ላይ የሆነ ነገር አስቀምጦ እየዘፈነ ሲሄድ ነፋስ ይመጣና ያን ነገር ይወስድበታል። አህያው አፉን ከፍቶ ብዙ ተናገረ። ከተናገረው አንዲት ቃል አልገባኝም። ያ የተወሰደበት ነገር ነፋሱ ሲያንከባልለው ክብ ይመስላል፣ ትንሽ ነው፣ ጥቁር ነው። ሰው ይህን ያህል የሚጮኸው ምን ቢወሰድበት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ጠዋት ባለቤቴ ከንጋት ጀምሮ የዳቦ ሰልፍ ላይ ቆማ ነበር የተመለሰችው። ስለዚህ "ዳቦውን ነፋስ ወሰደበት" አልኩ።

ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ረጅም "እህ" ተሰማ። ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። የሰንጋ ተራዋ ለቅሶተኛ እስከዚያ ድረስ ሟቹን ሲፈልጉ ነበርና አሁን ያገኙት መሰላቸው፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ልጆቹም አዘኑ። ዳቦ ማጣት ምን እንደሆነ ለማንም መተርጎም አላስፈለገኝም።

ጓድ ታፈሰ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የዳቦ እጥረት ነው የሚለው?" አሉ።

"በፈረንሳይ ነው ጓድ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የከበርቴው ሥርዓት መጨረሻው ይኸው ነው አሉ። ወዲያው ደግሞ ያች ጀርባው ላይ የምትጋልበው ጓጉንቸር ከየትኛው መደብ እንደሆነች ጠየቁኝ። በሰው ጀርባ ስለምትሄድ ንዑስ ከበርቴ ብትሆን ነው አልኳቸው። ቢጫነቷም ከዚሁ የመጣ ነው ብዬ ጨመርኩላቸው። ጓድ ታፈሰ ማስታወሻ ሊይዙ ፈልገው ወረቀት አጡ።

እንዲህ እያልን አህያው ዳቦውን ፍለጋ አገር አቋረጠ። እየቆየሁ ስሄድ ፍርሃቴ ለቀቀኝና እንዲያውም አማረብኝ። አህያው በፈረንሳይኛ ሁለት ቃል ሲናገር እኔ በአማርኛ ቅኔ የሚያህል አወጣለታለሁ። በመንደሩ ሲያልፍ ነገረኛ ፍየል ገጠመችው፤ እኔም አባቴ ይሰድበኝ የነበረውን ሁሉ በእሷ አፍ አወጣሁት፤ ያን ክፍል ብቻ ትክክል ሳልተረጉም አልቀረሁም። ልጆቹም ቀለሙን ከእኔ ቀድመው መናገር ጀመሩ። አንዱ ፍየሏ ቡላ ናት ሲል ሌላው ወሰራ ናት ብሎ ሊደባደብ ደረሰ፤ ሰናይት ግማሿ ቡላ ግማሿ ወሰራ ናት ብላ ዳኘች። ብሩክ ብቻ እጁን እንዳጣጠፈ ግራጫ ነው የሚታየኝ እያለ ያጉረመርማል።

ከዚያ አህያው ወንዝ ሲሻገር ድንጋዩ ከዳው። ወደቀ፤ ውሃው ወሰደው፤ አንዴ ብቅ ይላል አንዴ ይጠልቃል። እኔም ደንግጬ ትርጉሙን አቋረጥኩ። በዚያ ጸጥታ መካከል ብሩክ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ቀዩ አህያ ሊሰጥም ነው!" ብሎ ጮኸ።

ማንም ልብ ያለው የለም፤ ሁሉም ዓይኑ አህያው ላይ ነው። ሰናይት ግን ሰማች። አልሳቀችበትም። ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ እሱም እጁን ፈትቶ ተቀመጠ። እኔ በዚያች ደቂቃ ከንጉሥ እበልጥ ነበር፤ የንጉሥ ስም ማንሣት በዚያ ዘመን በአደባባይ የሚደረግ ነገር ባይሆንም።

አህያው ከወንዙ ወጥቶ ዳቦውን አገኘው። አንዲት ትልቅ ወፍ ጣራ ላይ አድርጋዋለች፤ ጫጩቶቿ ውስጡ ተቀምጠዋል። ዳቦ ውስጥ መቀመጣቸው ትንሽ ግራ አጋባኝ፤ ግን ልባቸው ላይ ያለው መብላት ነው ብዬ አለፍኩት። አህያውና ወፏ መጯጯህ ጀመሩ። ይህን ጊዜ እትዬ የሺ ተነሡ።

"አቁሙት" አሉ። ጋሽ ከድር አቆሙት። ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። "ዛሬ ልደታ ናት" አሉ እትዬ የሺ። "ዛሬ ተጣልቶ የሚውል የለም። እሷም እናት ናት፣ ለልጆቿ ብላ ነው። እሱም ደክሞ ነው። ይታረቁ።"

ይህ ካሴት ነው፣ ተሠርቶ ያለቀ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። የሚሰማኝ አላገኘሁም። ባለ ከዘራው ሽማግሌ ሕይወታቸውን ሙሉ በሽምግልና የኖሩ ሰው ኖሮ፣ አህያው ካሳ ይገባዋል፣ ዳቦው ግን ለጫጩቶቹ ይቅር ብለው ፈረዱ። የማኅበሩ ሴቶች ተስማሙ። ጓድ ታፈሰም ንብረቱ ለብዙኃኑ መዋሉ መርሕን የተከተለ ነው አሉ። በእኛ በኩል ዕርቁ ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ፣ በል ንገራቸው አለኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። አህያው ወፏን ቢረግጣት ማን ይመልሰዋል? ልጄ አልቅሳ፣ እትዬ የሺ ተቀይመው፣ ጓድ ታፈሰ መስመር ተስቷል ብለው እኔ ቀበሌ ማደሬ ነው። "እሺ፣ ይታረቃሉ" አልኩ። ለጋሽ ከድርም በዓይኔ ምልክት ሰጠኋቸው።

ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። አህያው ወፏን አየ። ጫጩቶቹን አየ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ያን ነገር በአፍንጫው ወደ እነሱ ገፋ አደረገላቸው፤ ዞሮም መንገዱን ቀጠለ።

እልልታው ድንኳኑን አነሣው። ሴቶቹ ከመቀመጫቸው ወጥተው ጨፈሩ። የሰንጋ ተራዋ ሴት ዕንባቸውን ጠርገው፣ እንዲህ ያለ የሚያጽናና ለቅሶ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ለእትዬ የሺ ነገሩ። ሰናይት እየሮጠች መጥታ እግሬን አቀፈችኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ስትሄድም ከእኔ ፊት ፊት እየዘለለች ነበር።

እዚህ ላይ ባበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ያላበቃው ጋሽ ከድር ሰላም በማጣታቸው ነው። የቀለሙ ነገር ውስጣቸው ገብቶ ዴኬ ተሰደበ እያሉ አላስቀምጥ አላስተኛ አሏቸው። ከሳምንት በኋላ አንድ ዘመዳቸው ከጅቡቲ መጣ፤ ሌላ ዴክና ሌላ ቴሌቪዥን ይዞ። ፈረንሳዮች ቀለም ካሴት ላይ የሚያስቀምጡበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው፣ የሌላው አገር ማጫወቻ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ይሄኛው ግን ሁለቱንም ያነባል አለ። በዚያ ላይ ሰውዬው ፈረንሳይኛ ያውቃል፤ የምር ያውቃል። ጋሽ ከድር በደስታ ሰፈሩን ሁሉ ግቢያቸው ጠሩ። እኔ ካሴቱ ጠፋ ልል ስል ሰናይት ቀድማ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ሁሉም መጣ። ግቢው ሞላ። ካሴቱ ገባ፤ ቀለሙም ፍንትው ብሎ መጣ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ እኔ ከተናገርኩት በላይ ያማረ። አህያውም መጣ፤ አመድማ ነው። ጤፍ ጭኖ በጌጃ ሰፈር የሚያልፈው ዓይነት፣ ሁላችንም በየቀኑ የምናየው ዓይነት አመድማ አህያ። ራሱ ላይ ሾል ያለች ቀይ ቆብ አድርጓል። ነፋስ መጥቶ ቆቡን ወሰደበት። እንግዳውም በጥሩ አማርኛ "አህያው ኮፍያው ጠፋበት፤ ሊፈልግ ይሄዳል" ብሎ ተረጎመ።

ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ እኔ አልነበረም። ሰናይት ከንፈሯን ነክሳ አመድማውን አህያ ትኩር ብላ ታያለች፤ የጆሮዋ ጫፍ ቀልቷል። የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ዙሪያዋን አሉ። እሷ ያኔ ዋሽታ እንዳልነበረ፣ የዋሸው ሌላ ሰው እንደሆነ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ብሩክ ቀደመኝ። ተነሥቶ ቆመና "ይሄ አይደለም" አለ። "የኛ ቀይ ነበር።"

"ቀይ ነበር" አለ ሌላ ልጅ። ከዚያ ሁሉም ማለት ጀመሩ፤ ጓጉንቸሯም ቢጫ ነበረች፣ ፍየሏም ሁለት ዓይነት ነበረች፣ እነዚህ አበላሽተውታል አሉ። እንግዳው ተደናግጦ እውነተኛው ፊልም ይህ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። እትዬ የሺ ለኮፍያ ብሎ አገር የሚያቋርጥ አህያ የት አይተሃል፣ ዳቦ ነው እንጂ አሉት። ወጣት ስለሆነ ፈረንሳይኛው ገና ያልበሰለ መሆኑንም በደግነት ነገሩት። ጓድ ታፈሰ ነገሩ በድምፅ ይወሰን አሉና እጅ አስወጡ። እጁን ያላወጣው እንግዳው ብቻ ነው።

ጋሽ ከድር ራሳቸው ተነሡ። አዲሱን ቴሌቪዥን ገፋ አድርገው የራሳቸውን አስቀመጡ፣ ከዴካቸው ላይ ላስቲኩን አነሡ፣ ዳንቴሉን አነሡ፣ ካሴቱን አወጡና ለእሱ አጎረሱት። ነጭና ጥቁሩ አህያ ሲመጣ ልጆቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። እኔም ወደ ቦታዬ ሄጄ ቆምኩ። ትርጉሜንም ጀመርኩ።

ያ ፈረንሳይኛ ዐዋቂ ሰው ጥቂት ቆሞ አየን። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ መካከል ቁጭ አለ። ቆይቶ ወደ ብሩክ ጎንበስ ብሎ፣ ያ ከተራራው ጀርባ ያለው ቤት ቀለሙ ምንድን ነው አለው።

"እሷን ጠይቃት" አለው ብሩክ፣ ወደ ሰናይት እያሳየ። "የምታውቀው እሷ ናት።"

ሰናይትም ነገረችው።